ግማሽ ካብ ፍየል አይመልስም



ከትናንት ወዲያ በዋግ አበርገሌ ወዳለችው ኒሯቅ ስገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ካደርሁበት ቤት ጀርባ ሁለት ጓሮዎች ይዋሰናሉ። በመካከላቸው የካቢውን እጅ የሚያስመርቅ የድንጋይ ካብ አለ። ድንጋዩ ተመርጧል፤ ስንጥቁ በጠጠር ተወትፏል፤ ቁመቱ ከሰው ደረት ይደርሳል። እንዲህ ሆኖ ከመንገዱ ጫፍ ይነሳና ወሰኑ መሀል ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍት ነው፤ ሦስት አራት የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ብቻ ተጥሎበታል። ቆሜ ሳይ አንዲት ቀይ ፍየል ግልገሎቿን አስከትላ መጣች። ካቡን ታክካ፣ ጥላውን ይዛ፣ ረጋ ብላ ሄደች። ካቡ ሲያልቅ ታጥፋ ገባች። የገባችው ያንን ካብ በካቡት ሰው ጎመን ላይ ነው።

ማታውኑ ሁለቱንም ጎረቤታሞች አነጋገርኋቸው። ታሪኩን ስማቸውን ሳልጠራ እንድናገር ፈቅደውልኛል። ወሰኑ 28 ክንድ ነው። ባለጓሮው 14 ክንዱን በገዛ እጃቸው ካቡና አቆሙ። «እኩሌታዬን ጨርሻለሁ፤ ከዚህ በላይ አንድ ድንጋይ ብጨምር ሞኝ እባላለሁ» አሉኝ። ባለፍየሉ ደግሞ «እኔ አጥር አልጠየቅሁም። ጎመኑን የተከሉት እሳቸው ናቸው። የእኔ ፍየሎች፣ የአባቴም ፍየሎች በዚህ ሲያልፉ ኖረዋል» አሉኝ።

ሁለቱም የተናገሩት እውነታቸውን ነው። አንዱ ቢዋሽ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምሁት ይህ ነገር የኒሯቅ ብቻ፣ የእነዚህ ሁለት አባቶች ብቻ ስላልሆነ ነው። ሰቆጣም አለ፤ አምደወርቅም አለ፤ አዲስ አበባም አለ። ድርቅና ጦርነት ባየ አገር ስለ አጥር ማውራት ትንሽ ነገር ላይ መጨቃጨቅ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፦ በክፉ ቀን የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚሰጠን፣ በሌሊት ስንጮኽ ቀድሞ የሚደርስልን፣ በዚያ ወሰን ማዶ ያለው ሰው ነው። ከእሱ ጋር የተኳረፈ ሰው ክፉውን ቀን ብቻውን ይጠብቀዋል።

አጥር በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያስወጣ በቅድሚያ እንነጋገር፤ ሒሳቡን በትክክል የሚያወጣ ሰው እምብዛም ነውና። የእሾህ አጥር ነፃ ይመስለናል። ግራሩ ከተራራው ይቆረጣል፣ ይጎተታል፣ ይከመራል። ዋጋ አንሰጠውም። ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል፤ ከርሞ ደግሞ አዲስ ይቆረጣል። በየዓመቱ የአንድ ግቢ አጥር ስንት ግራር እንደሚጨርስ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ተራራችን የተራቆተው በማገዶ ብቻ አይደለም፤ በአጥርም ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ ካበቀልን ሕያው አጥር ነው፤ ምስጥ አይነካውም፤ ግን ወተቱ ዓይን ያጠፋል፤ እስኪያድግም ዓመታት ይፈጃል፤ ፍየል እስኪያድግ አትጠብቅም። ድንጋይ በዋግ ምድር ሞልቷል፤ ቤታችንም እርከናችንም ድንጋይ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋይ ራሱን አያነሳም። ጉልበት ይጠይቃል፤ አህያ ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚክብ እጅ ይጠይቃል። ቆርቆሮማ ገንዘብ ነው፤ ሚስማሩ፣ ማገሩ፣ አጣናው ሁሉ ከገበያ ይመጣል።

እንግዲህ «ግማሽ ክፈል» ሲባል የምን ግማሽ ነው? የገንዘቡ ነው? የጉልበቱ? የቀኑ? አንዱ ገንዘብ ያለው ጉልበት የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ጉልበት እንጂ ሳንቲም የለውም። ወንፈልና ደቦ የለመደ ሕዝብ ይህንን ከማንም በላይ ያውቃል። በወንፈል የእኔን ማሳ አርሰህልኝ እኔ የአንተን አጭዳለሁ፤ ማረስና ማጨድ አንድ አይደሉም፤ ግን ተስማምተን አንድ አድርገናቸዋል። አጥር ላይ ስንደርስ ይህ ጥበብ ለምን እንደሚጠፋብን አይገባኝም። ለካቡ የሚዋለውን ቀን ማንም ሳይቆጥር፣ ለቆርቆሮ የወጣውን ብር ብቻ ቆጥረን እንጣላለን።

አሁን ወደ ፍየሏ ልመለስ። ጥያቄው ከገንዘብ በፊት የሚመጣ ነው፤ ማጠር ያለበት ማን ነው? እንስሳ ያለው ሰው እንስሳውን ይያዝ ወይስ አዝመራ ያለው ሰው አዝመራውን ይጠር? የአበርገሌ ፍየል በስሟ የታወቀች ዘር ናት፤ ድርቅ ችላ፣ ገደል ወጥታ፣ የግራር ቅጠል ቀንጥሳ የምትኖር። ለቆላው ሰው ፍየል የተቀመጠ ገንዘብ ናት። ሲቸግረው ይሸጣታል፤ ልጁ ሲታመም ይሸጣታል። የምትኖረው ግን እየተዘዋወረች ነው። ጓሮው የመጣው በኋላ ነው፤ ውኃ ሲገኝ፣ ጎመንና ሽንኩርት ሲለመድ። ስለዚህ ባለፍየሉ «እኛ ቀድመናል» ሲሉ ከንቱ ነገር አልተናገሩም።

ይህ ጥያቄ ሩቅ አገርም ደም አፍስሷል። በአሜሪካ ምዕራብ ለረጅም ጊዜ ከብት በነፃ ይሰማራ ነበር፤ በብዙ ቦታ ሕጉ አዝመራህን ማጠር ያንተ ፋንታ ነው ይል ነበር። በ1874 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጆሴፍ ግሊደን የሚባል ገበሬ ለእሾህ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ። ሽቦው ርካሽ ስለነበር ሰፊው ሜዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታጠረ። ውኃና መንገድ ጭምር ታጠረ። በ1883 ቴክሳስ ውስጥ ሰዎች ሌሊት እየወጡ የጎረቤታቸውን ሽቦ መቁረጥ ጀመሩ፤ ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት የቴክሳስ ምክር ቤት አጥር መቁረጥን ከባድ ወንጀል አደረገ፤ ያለ አግባብ መንገድ የዘጋም እንዲከፍት አዘዘ። ያ ሁሉ የሆነው አጥሩ ከንግግሩ ስለቀደመ ነው።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በእንስሳ ጉዳይ ላይ ቁርጥ ያለ ነው። እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። ማሳው የተበላበት ሰው እንስሳውን ይዞ ለካሳው መያዣ ማድረግ ይችላል። በጋራ ስለሚያዝ ንብረት ደግሞ ሕጉ እንዲህ ያለ መንገድ ያሳያል፦ ድርሻ ተለይቶ ካልታወቀ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል፤ ንብረቱን ለመጠበቅ የሚወጣውንም ወጪ እያንዳንዱ በድርሻው ልክ ያዋጣል። ስለዚህ ባለጓሮው የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ለተበላው ጎመን ካሳ ሊያገኙ ይችላሉ። እኔም አልከለክላቸውም፤ መብታቸው ነው። ካሳው ግን የበላችውን ጎመን ይመልሳል እንጂ ነገ የምትበላውን አያስቀርም። ያ 14 ክንድ ክፍት እንደሆነ ይከርማል፤ ሁለቱ አባቶችም በየወሩ ገማች ሽማግሌ እየጠሩ ይከራርማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የረሳውን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ሲመዘገብ የተሰጠን የመጀመሪያው አረንጓዴ ደብተር ካርታ አልነበረውም። ሳተላይት አልለካውም። የመሬታችን ወሰን የተገለጸው በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ መንገድ እየተባለ ነው። ቆይቶ ነው በካርታ የተደገፈው ሁለተኛው ደብተር የመጣው። እስቲ አስቡት! ይዞታችን የእኛ መሆኑ የታወቀው የጎረቤቶቻችን ስም ስለተጻፈበት ነው። ድንበርተኛዬ ባይኖር መሬቴ የት ላይ እንደሚያልቅ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር። «ድንበርተኛ» የሚለውን ቃል ራሱን አስተውሉት። ድንበር የሚለያየን ነገር ነው፤ ቃሉ ግን የሚለየንን ነገር ዝምድና አድርጎ ይጠራዋል።

ይህንን የምነግራችሁ በወሬ የሰማሁትን አይደለም። ሰቆጣ ዳርቻ ስናድግ አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እናታችን ብቻዋን ነበረች። ከጎረቤታችን ጋር የሚያዋስነን አሮጌ የእሾህ አጥር ነበር፤ መሀሉ ላይ ሰው በጎን የሚያልፍበት መሹለኪያ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ገል ይዤ በዚያ ሾልኬ እሳት የምጭረው እኔ ነበርሁ። የእኛ ሲጠፋ ከእነሱ፣ የእነሱ ሲጠፋ ከእኛ። ፍሙ ሳይከስም ቤት እደርስ ነበር።

አንድ ክረምት እናቴ ለለቅሶ ወደ ዘመድ ሄዳ ስትመለስ እሾሁ ተነስቶ ቆርቆሮ ቆሞ አገኘች። ያማረ ቆርቆሮ ነበር፤ ይህንን አልክድም። መሹለኪያው ግን ጠፍቷል። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ሁለት ሰው ይዘው መጡና ግማሽ ወጪውን ጠየቋት። ቆርቆሮ ስንት እንደተገዛ፣ ለአናጢ ስንት እንደተከፈለ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ነበር። እናቴ አልተከራከረችም። ሁለት ፍየል ሸጣ ከፈለች። ያን ዓመት ለእኔና ለእህቴ ልብስ አልተገዛም። ከዚያ ወዲህ ቡና ስታፈላ ወደዚያ ቤት ልጅ ልካ አታውቅም። እኔም እሳት ለመጫር በመንገዱ ዞሬ ሌላ ቤት መሄድ ነበረብኝ፤ ቤት ስደርስ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ ገሉ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል።

ጎረቤታችንን ለብዙ ዓመት ክፉ ሰው አድርጌ ስይዛቸው ኖሬአለሁ። ካደግሁ በኋላ አንድ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ራሳቸው አነሱት። በዚያ ክረምት በሌሊት በግ ተሰርቆባቸው ነበር፤ ሌባው የገባው በመሹለኪያው ነው። ሚስታቸው ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ነበር። «ለምን ያኔ ለእናቴ አልነገሯትም?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። «የወጣውን ገንዘብ ብነግራት ይበቃል ብዬ ነበር» አሉኝ።

በኔ አስተያየት የአጥር ጠብ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ሰው ዋጋውን ይዞ ይመጣል፤ ችግሩን ግን ቤት ጥሎት ይመጣል። እናቴ የሌባውን ነገር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ራሷ ቀድማ እሾህ ትጎትት ነበር፤ አውቃታለሁ። ፍየሎቿንም ሳይጠይቋት ትሸጥ ይሆናል። ወረቀት ሲቀርብላት ግን የተሰማት ተወስኖባት መክፈል ብቻ ነው። ጎረቤታችን የጠየቋት ግማሽ ወጪውን ነበር፤ ግማሽ ውሳኔውን አልሰጧትም።

በሌሎች አገሮች ያሉ የአጥር ሕጎችን ስመለከት የሚገርመኝ ይህንኑ ማስተዋላቸው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ክፍለ አገሮቹ ለጎረቤታሞች አጥር ብቻ የወጣ ሕግ አላቸው። ደንቡ በአጭሩ «በቂ አጥር» ለሁለቱም ስለሚጠቅም ሁለቱም እኩል ይክፈሉ የሚል ነው፤ ከበቂው በላይ ያማረ የፈለገ ትርፉን ራሱ ይሸፍናል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን ለጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካሊፎርኒያም በ2013 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተመሳሳይ ሕግ አወጣች፦ ከ30 ቀን በፊት አስታውቅ፤ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን ለመሥራት እንዳሰብህ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ እንዴት እንካፈል እንደምትል ጻፍ። ጎረቤቱም እኩል መክፈሉ ፍትሐዊ እንዳልሆነ የማስረዳት መብት አለው፤ ዳኛው ሸክሙ ከጥቅሙ ይበልጥበት እንደሆነ፣ አቅሙም ይፈቅድለት እንደሆነ ይመረምራል። በደብዳቤው ውስጥ ችግሩ ከወጪው መቅደሙን አስተውሉ። የእኛ ሽማግሌዎች «እስቲ ከሥሩ ጀምር» የሚሉት ለዚሁ ነው።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የጋራ ሕንፃ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ይተዳደራሉ፤ ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው ደረጃውን፣ ግቢውን፣ የጋራ የሆነውን ሁሉ በመዋጮ ይጠብቃሉ። አጥር ለማጠርና ጥበቃ ለመቅጠር መዋጮ ሲጠራ ግን ክርክሩ የኒሯቁ ዓይነት ነው። አራተኛ ፎቅ ያለው «ሌባ እኔ ጋ አይወጣም» ይላል፤ ምድር ቤት ሱቅ የከፈተው «አጥር ደንበኛ ይከለክልብኛል» ይላል። ፍየሏ የለችም፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

ወደ አበርገሌ ስመለስ ግን ልቤን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከዚህ ወረዳና ከፃግብጂ ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ሰቆጣ አካባቢ ተጠልሎ እንደኖረ ታውቃላችሁ፤ ከመካከላችሁም አላችሁ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠፋው አጥር ነው። እሾሁ ለማገዶ ይሄዳል፤ ካቡ ይናዳል፤ የወሰን ድንጋይ ቦታውን ይለቃል። የተመለሰ ሰው ቤቱን ሲያገኝ ወሰኑን አያገኘውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ማን የት ድረስ እንደነበር የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው። ወሰኑን አንድ ክንድ ወደ ጎረቤቱ ቢገፋ የሚከሰው ላይኖር ይችላል። እኔ የማከብረው በዚያ ሰዓት «አይ፣ ያንተ እስከዚህ ነበር» ብሎ የጎረቤቱን ድንጋይ በእጁ ወደ ቦታው የሚመልሰውን ሰው ነው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር የአጥር ወጪ መካፈል አያስቸግርም። ስለዚህ ከሒሳቡ በፊት ወሰኑን ሁለታችሁ አብራችሁ ተራመዱት። በምልክቱ ላይ አብራችሁ ቁሙ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚቀጥለው ጠብ የሚነሳው አባቶች ሲሞቱ ነውና።

እናም በአጥሩ ላይ መሹለኪያ ተዉለት። የእኔ ነገር ነው ትሉ ይሆናል፤ አዎ፣ የእኔ ነው። በር ይሁን፣ መዝጊያ ይኑረው፣ ሌሊት ይቆለፍ። ግን በዚያ ልጅ ይሾልክ፤ ወጥ የያዘች ሴት ትለፍበት፤ የታመመ ሰው ሲጮኽ በመንገድ ሳይዞሩ ይደረስለት። የመሹለኪያው ወጪ የቆርቆሮ አንድ ጎን አይሞላም።

ወደ ግማሹ ካብ ልመለስና ላብቃ። ያን ማታ ሁለቱን አባቶች ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ቡና ላይ አስቀመጥኋቸው። ስለ ገንዘብ እንዳያነሱ ለመንሁ። ባለጓሮው ጎመኑን ለምን እንደተከሉ ብቻ ተናገሩ፦ ሰቆጣ ለምትማር ልጃቸው የቤት ኪራይ ከዚያ ጓሮ ነው የሚወጣው። ባለፍየሉ ይህንን አያውቁም ነበር። ተራው ለእሳቸው ደረሰ። ዝም ብለው ቆዩና መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ድንጋይ ማንሳት ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ፍየል የሚጠብቅላቸው እረኛ የለም። «አልክብም ያልሁት እምቢ ብዬ አይደለም፤ አልችልም ማለት ስላፈርሁ ነው» አሉ። ባለጓሮው ቡናቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ያዩት ለስምንት ወር የተናደዱበትን ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ የተስማሙት ይህ ነው። ባለፍየሉ ለካቢዎቹ ምሳ አንድ ሙክት ያርዳሉ፤ አህያቸውንም ለድንጋይ ማመላለሻ ይሰጣሉ። ባለጓሮው ካቡን ይመራሉ፤ የእጃቸውን ሥራ አይታችሁታል። መሀል ላይ የአንድ ሰው መሹለኪያ ይተዋል፤ የእንጨት መዝጊያውን አሠርቶ ማቅረብ የእኔ ድርሻ ነው፤ ይህንን ትናንት አናጢ ጋ ሄጄ ጨርሻለሁ። የጎደለን ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ነው። አንድ አህያም አይበቃንም፤ ድንጋዩ ያለው ከወንዙ ዳር ነው፤ ዳገት አለው። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያው ካቡ የቆመበት እንገናኝ። አህያ ያላችሁ ከነመጫኛው ይዛችሁ ኑ።